ከጣና ዳር ያነሳሁት ቀዳዳ ድንጋይ፦ አርኪዮሲያታ ነው ወይስ አይደለም?

ጣና_ዳር | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ከሰዓት ማንጎ ፓርክ ቡና ጠጥተን ስናበቃ ወደ ውሃው ወረድ አልን። ሐይቁ ሸሽቷል፣ ዳሩ ጭቃ ነው። ጫማዬን አውልቄ ስዞር እግሬን አንድ ነገር ወጋኝ። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ድንጋይ ነው። ጡጫ ያህላል፣ ጥቁር ነው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አንድ ጫፉ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ያለ ነው። ከላይ ጎድጎድ ብሏል። በአጭሩ ሲኒ ይመስላል።

ይኼን የምጽፈው ሰሞኑን ስለ አርኪዮሲያታ ሳነብ ስለከረምኩ ነው። ላልሰማችሁ፦ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል ላይ ተተክለው ይኖሩ የነበሩ፣ ሰፍነግ መሳይ ፍጥረታት ናቸው። ዘራቸው ከጠፋ ቆይቷል። የምናውቃቸው በቅሪተ አካል ብቻ ነው። ስማቸው ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ጥንታዊ ዋንጫ» እንደ ማለት ነው። ድንጋዩን ሳየው ወዲያው እነሱ ትዝ አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

ፎቶ ልጭን ብል ኔትወርኩ እምቢ አለ። እስኪ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ሹፌር_ዘጎጃም | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡52

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ስለተባለች እውነት ባሕር ያላት መሰለህ? መልሰህ ጣለው፤ ግን ራቅ አድርገህ፣ ሌላ ሰው እንዳይወጋ።

ባለ_መዶሻ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡35

ጣና ዳር፣ ሳላሳዝንህ አልቀርም። እኔ ድንጋይ በመስበር እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ከነገርከን ስነሳ በእጅህ ያለው ባዛልት ነው። ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ጋዝ አረፋ እየሆነ ሊወጣ ይታገላል። የቻለው ይወጣል። ያልቻለው እዚያው ተይዞ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን ሲያወጣ አይተህ የለ? እንደዚያ በለው።

ባሕር ዳር ዙሪያውን ባዛልት ናት። ጣና ራሱ የተገደበው በላቫ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወረወረውም ከላቫ አፋፍ ላይ ነው። አያትህ ቤት ወፍጮና መጅ ካለ ጠጋ ብለህ እየው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ ነው እህሉን የሚይዘው። ድንጋዩ ሲያልቅ ከስር አዲስ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ስለዚህ ቶሎ ልሙጥ አይሆንም።

አርኪዮሲያታ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሲኒ አስብ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ከተተው፣ ግን እንዳይነካካ። በመሐላቸው ክፍተት ይቀራል አይደል? በዚያ ክፍተት ውስጥ ዙሪያውን ቀጫጭን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አቁምበት። አሁን ከላይ ሆነህ ስታየው የጋሪ ጎማ ይመስላል፣ በመሐሉ ያሉት ዘንጎች ሁሉ ሳይቀሩ። ሁለቱም ሲኒዎች በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስተዋል፣ ግን ቀዳዳው በሥርዓት የተደረደረ ነው፤ እንደ ወንፊት። አንተ ድንጋይ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አንዱ ምስር፣ አንዱ ባቄላ የሚያህል ይሆናል። ተሳሳትኩ?

በቀላሉ ለመለየት አንድ ዘዴ ልንገርህ። የአርኪዮሲያታ አጽም ኖራ ነው። በሃ ድንጋይ፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ፣ ላይ አሲድ ስትጥልበት ይፈላል። ባዛልት አይፈላም። አቼቶ ወይም ሎሚ ይበቃል። የባትሪ አሲድ እንዳትነካ፣ አደራ።

ሹፌር_ዘጎጃም | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡41

አላልኩም? ጣለው።

እትዬ_ሙዳይ | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡10

ልጆቼ ስታወሩ ደስ ትላላችሁ። እኔ ሰፍነግ የሚባለውን ቃል የማውቀው ስቅለት ዕለት ነው። ጌታችንን «ተጠማሁ» ሲል ሆምጣጤ በሰፍነግ ሞልተው በመቃ አድርገው አጠጡት። ልጅ ሆኜ ሰፍነግ ማለት ዕቃ ማጠቢያው ጨርቅ ይመስለኝ ነበር። እንስሳ ነው እንዴ?

ፔዳ_3ኛ_ዓመት | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡22

አዎ እትዬ፣ እንስሳ ነው። አፍ የለውም፣ ሆድ የለውም፣ አይራመድም። ውሃ በጎኑ ቀዳዳዎች ይገባል፣ ውስጡ ያሉ ሕዋሳት ምግቡን ያስቀሩታል፣ ውሃው በላይ ይወጣል። ሮማውያን ወታደሮች የያዙት ከሜዲትራንያን ባሕር ጠልቀው የሚያወጡትን ለስላሳውን ዓይነት መሆን አለበት። ዕቃ ማጠቢያው ስሙን ከእሱ ወርሶ ነው።

ሰፍነግና ሆምጣጤ! ጣና ዳርም አሁን አቼቶ ፍለጋ ጓዳ ገብቷል።

ጣና_ዳር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡15

ፈላ!!!

አቼቶ አልነበረም፣ ሎሚ ጨመቅኩበት። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት፣ ሽሽሽ ይላል። ጥቃቅን አረፋ ወጣ። ባለ መዶሻ፣ ምን ትላለህ? ሹፌሩ፣ አንተስ?

ሹፌር_ዘጎጃም | እሑድ፣ ጠዋት 3፡18

እኔ ዝም ብያለሁ።

ባለ_መዶሻ | እሑድ፣ ቀን 6፡05

ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው፣ ይቅርታ ዘገየሁ።

ቆይ፣ አትቸኩል። የፈላው የቱ ጋ ነው? ጥቁሩ አካል ላይ ነው ወይስ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር? ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመታት በድንጋዩ ውስጥ ውሃ ይመላለሳል። የሟሟ ማዕድን ይዞ ይመጣና ቀዳዳዎቹን ይሞላቸዋል። አንዳንዱ ዘኦላይት ነው፣ አንዳንዱ ካልሳይት። ካልሳይት ደግሞ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ስለሆነ ይፈላል። ድንጋዩን አድርቀው። ከዚያ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ አንድ ጠብታ ጥቁሩ ላይ፣ አንድ ጠብታ ነጩ ላይ ለየብቻ አድርግ።

ጣና_ዳር | እሑድ፣ ቀን 7፡30

ነጩ ላይ ብቻ።

ጥቁሩ ላይ ጠብታው ተኝቶ ቀረ። አስር ደቂቃ ጠበቅኩት። ምንም። ቀዳዳዎቹም አንዱ ምስር፣ አንዱ ባቄላ፣ ልክ እንዳልከው። በቃ ተሸንፌያለሁ።

የዓባይ_በረሃ_ልጅ | እሑድ፣ ማታ 1፡10

ክሩን አሁን ነው ያየሁት። እኔ ደጀን ነው ያደግኩት። ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ከበሃ ድንጋዩ ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ዛጎል የመሰለ ነገር እየለቀምን እንጫወት ነበር። ስለዚህ ባሕር ነበረ ማለት ነው። ታዲያ አርኪዮሲያታ እዚያ የማይገኝበት ምክንያት ምንድን ነው? ባለ መዶሻ ይመልስልኝ።

ባለ_መዶሻ | እሑድ፣ ማታ 2፡25

ይኼ ነው ጥያቄ! ባሕር ነበር፣ እውነትህን ነው። ዘመኑ ነው የማይገጥመው።

ከጎሐ ፅዮን ተነስተህ ወደ ድልድዩ ስትወርድ መንገዱ ራሱ መጽሐፍ ነው። ከላይ ባዛልቱ አለ፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ። ከስሩ አሸዋማ ድንጋይ። ከዚያ አንተ ዛጎል የለቀምክበት ወፍራም በሃ ድንጋይ። ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር። ከታች ደግሞ ሌላ አሸዋማ ድንጋይ። የበሃው ድንጋይ ባሕር የገባው በጁራሲክ ዘመን ነው፤ ዛሬ ላይ ሆነን ስንቆጥር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆናል። ዳይኖሰር የነበረበት ዘመን ማለት ነው።

አርኪዮሲያታ ግን የካምብሪያን ዘመን ፍጡር ነው። ብቅ ያለው ከ525 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከ510 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂቶች ተንጠባጥበው ቆይተው እነሱም አለቁ። የደጀን ዛጎሎች ገና ሊፈጠሩ 350 ሚሊዮን ዓመት ሲቀራቸው እነዚህ ሄደዋል። የዓባይን ዛጎልና አርኪዮሲያታን አንድ ዘመን ላይ ማስቀመጥ አፄ ቴዎድሮስን ባጃጅ ላይ እንደ ማሳፈር ነው። እንዲያውም ይብሳል።

ለመሆኑ የእኛ መሬት ያኔ ምን ነበረች? ታላላቅ የመሬት አካላት ተጋጭተው ተራራ ያቆሙበት ምድር ነበረች። ያ ተራራ ተሸርሽሮ ሥሩ ብቻ ቀርቷል፤ በምዕራብም በሰሜንም የምናየው አሮጌው መሠረት ድንጋይ የእሱ ነው። አርኪዮሲያታ የሚፈልገው ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ የጠራ ባሕር ነው። በአፍሪካ ማየት ከፈለግህ ሞሮኮ ሂድ። አንቲ አትላስ ተራሮች ላይ በገፍ አለ።

የዓባይ_በረሃ_ልጅ | እሑድ፣ ማታ 2፡31

ቴዎድሮስን ባጃጅ ላይ! ገደልከኝ።

ፔዳ_3ኛ_ዓመት | እሑድ፣ ማታ 2፡58

ስለ አጠፋፋቸው ከማውራታችን በፊት ስለ ማንነታቸው ትንሽ ልበል፣ ይኼ ነገር ለእኔ ከሁሉም ይገርመኛል።

አርኪዮሲያተስ የሚባለውን ወገን መጀመሪያ የገለጸው ኤልካና ቢሊንግስ ነው፣ በ1861 እ.ኤ.አ.። ከካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ በተገኘ ድንጋይ ነው። ጠቅላላው ቡድን ስሙን ከዚህ ወገን ወሰደ። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሙሉ ጭቅጭቅ ሆነ። ኮራል፣ ማለትም የኖራ አጽም የሚሠራ ሌላ የባሕር እንስሳ፣ ነው ያለ አለ። ሰፍነግ ነው ያለ አለ። አልጌ ነው ያለም ነበር። እንስሳም ዕፅዋትም አይደለም፣ ለብቻው ይቀመጥ ያሉም ተነሱ። ጭቅጭቁ የመጣው ሰፍነግ አጽሙ ውስጥ ስፒኩል የሚባል መርፌ መሳይ ነገር ስላለው ነው። እነዚህ የላቸውም። ሁለንተናቸው የኖራ ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለ ሰፍነግ ደግሞ በሕይወት አልታየም ነበር።

ታዲያ ታየ! ጠላቂዎች በጃማይካ የባሕር ውስጥ ዋሻዎች ሲገቡ ወፍራም የኖራ አጽም ያላቸው ሕያው ሰፍነጎች አገኙ። ሃርትማንና ጎሮ የሚባሉ ሊቃውንት በ1970 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ቫሴሌቲያ የተባለው ደግሞ ኖራ ይሠራል፣ ስፒኩል ግን የለውም። ጨለማ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ ሰፍነግ አደላ። እንግዲህ አስቡት፤ መቶ ዓመት በድንጋይ የተጨቃጨቁበትን ጉዳይ የፈታው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው።

እትዬ_ሙዳይ | እሑድ፣ ማታ 3፡05

አፍ ከሌለው፣ ካልተንቀሳቀሰ፣ ውሃውን ማን ይስብለታል? በአቦ ሰጡኝ አይኖርም መቼም።

ባለ_መዶሻ | እሑድ፣ ማታ 3፡40

እትዬ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። የዛሬዎቹ ሰፍነጎች ውስጣቸው ጅራፍ የመሰለ ነገር ያላቸው ሕዋሳት አሉ። እነሱ እያርገበገቡ ውሃውን ይነዱታል። ግን ቅርጹም ራሱ ይረዳል።

ገጠር ቤት እሳት ሲነድ ጭሱ በጣሪያው ክፍተት ይወጣል አይደል? ውጭ ነፋስ ካለ ደግሞ ጭሱ ተስቦ ነው የሚወጣው። ከላይ የሚያልፈው ነፋስ ከውስጥ ይስበዋል። ከታች በበሩና በግድግዳው ስንጥቅ አዲስ አየር ይገባል። አርኪዮሲያታም እንደዚያ ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ብሎ ቆሟል፣ አፉ ወደ ላይ ተከፍቷል። ሞገድ በአፉ ላይ ሲያልፍ በውስጡ ያለውን ውሃ ይስበዋል። በጎኑ ቀዳዳዎች አዲስ ውሃ ይገባል። ይኼ እንዲሁ ግምት ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አምሳያውን ሠርተው ወራጅ ውሃ ውስጥ አቁመው ሞክረውታል። ውሃው በጎን ገባ፣ በላይ ወጣ። ማንም ሳይነዳው።

እትዬ_ሙዳይ | እሑድ፣ ማታ 3፡44

እግዚአብሔር ያክብርህ። ጎጆ ቤት ነው በለኛ።

ምን_አገባኝ | እሑድ፣ ማታ 4፡02

ሰው ሥራ ፈትቷል። እንቦጭ ሐይቁን እየዋጠው እናንተ ስለ ሞተ ሰፍነግ ትፈላሰፋላችሁ።

ሹፌር_ዘጎጃም | እሑድ፣ ማታ 4፡06

አንተም ክሩን እዚህ ድረስ አንብበሃል እኮ።

ፔዳ_3ኛ_ዓመት | እሑድ፣ ማታ 4፡15

እሱን ተዉት። አንድ ነገር ልጨምር። አሳሹ ሻክልተን በ1908 እና 1909 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ዋልታ ሲጓዝ ቡድኑ ከቢርድሞር የበረዶ ግግር ዳር ድንጋይ ለቅሞ ነበር። ድንጋዩ ሲመረመር አርኪዮሲያታ ተገኘበት። በረዶ አገር ላይ የሞቃት ባሕር ፍጡር! በካምብሪያን ዘመን አንታርክቲካ ያለችው ምድር ወገብ አካባቢ ስለነበር ነው። በሳይቤሪያም እንደዚሁ ነው፣ ከጥንቶቹ ሁሉ ጥንት የሆኑት የተገኙት በአልዳንና በሌና ወንዞች ዳር ባለ ድንጋይ ነው።

ጣና_ዳር | እሑድ፣ ማታ 4፡20

እኔ ያነበብኩት ላይ «የመጀመሪያዎቹ ሪፍ ሠሪ እንስሳት» ይላቸዋል። ሪፍ ማለት ባሕር ወለል ላይ የሚገነባ የኖራ ክምር ነው። ዛሬ ኮራሎች የሚሠሩትን እነሱ ብቻቸውን ሠርተው ነበር ማለት ነው?

ባለ_መዶሻ | እሑድ፣ ማታ 4፡50

«ብቻቸውን» የሚለው ላይ አልስማማም። አብዛኞቹ የጣት ውፍረት ነበራቸው። በሥር መሳይ ነገር ወለሉን ይዘው ይቆማሉ። ሪፉን እርስ በርሱ ያጣበቁት ግን በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ኖራ እያዘነቡ። አርኪዮሲያታ ድንጋዩ ከሆነ እነሱ ሲሚንቶው ናቸው። ቤት ሲሠራ የሚመሰገነው ግንበኛው ነው፣ ሲሚንቶ ያቦካው ልጅ አይነሳም። እዚህም የሆነው ያው ነው።

መጥፋታቸውን በተመለከተ፣ ሊቃውንት ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ኦክስጅን ያጣ ውሃ ወደ ጥልቀት የለሹ ባሕር መውጣቱ ነው። ውሃ ዳር ላደገ ሰው ይኼ አይከብደውም። 15 ሚሊዮን ዓመት ቆይተው በመቶ የሚቆጠሩ ወገኖች ከሆኑ በኋላ ነው የሄዱት። ዓይነታቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ግን ለእኛ ሙያ ጠቅመዋል። የሳይቤሪያን ድንጋይ ዕድሜ በእነሱ ነው የሚከፋፍሉት።

የዘጌ_ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ትናንት ሌሊት አንብቤ ስጨርስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ነገር ልጠይቅ።

ልጅ ሆነን በታንኳ ስንወጣ ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይ እንገለብጥ ነበር። ከስሩ አንዳንዴ ቅርፊት የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይገኛል። እንደ ደረቀ ዳቦ ልጣጭ ሻካራ ነው። በጥፍር ስትፍቀው ይፈረፈራል። ከዚያ እጅህን ሲያሳክክህ ይውላል። አባቴ «ተው አትንካው» ይለኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ቆሮሶና አምባዛ ስሙን ያውቃል፣ ለእሱ ግን ስም አልነበረውም። ሰፍነግ በጣና ውስጥ ይኖራል?

ፔዳ_3ኛ_ዓመት | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡12

ይኖራል! ራሴን ልመታ ነው፣ እስካሁን እንዴት አላነሳሁትም?

ጣና የራሱ ሰፍነግ አለው። ማኬዲያ ታነንሲስ ይባላል። የጣሊያን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ ያስተዋወቁት፤ ከጣና የተገኘ አዲስ ወገን ብለው። ስሙን ስትሰሙ ንግሥት ማክዳ ትዝ አትላችሁም? «ታነንሲስ» ደግሞ የጣና ማለት ነው። የጣፋጭ ውሃ፣ ማለትም ጨው አልባ ውሃ፣ ሰፍነግ ስፒኩሉ እንደ መስታወት ያለ ሲሊካ ነው፣ ደቃቅ መርፌ ነው። እጅህን ያሳከከህ እሱ ቢሆን አይገርመኝም።

ባለ_መዶሻ | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

እንዳይምታታ አንድ ነገር ላስገባ። የጣናው ሰፍነግ የአርኪዮሲያታ ልጅ አይደለም። ያኛው ኖራ፣ ይኼኛው መስታወት። ሩቅ ዘመድ ነው፣ ለቅሶ የሚደርሱለት ዓይነት።

የዓባይ_በረሃ_ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ጣና ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ሰምቻለሁ። ከወለሉ ደለል ቆፍረው ነው ያወቁት። ታዲያ ሰፍነጉ ያኔ የት ገባ?

ፔዳ_3ኛ_ዓመት | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡21

ወንዞቹ አሉ እኮ። ደግሞ ብዙዎቹ የጣፋጭ ውሃ ሰፍነጎች ድርቅ ሲመጣ እንደ ዘር ያለ ጠንካራ እንክብል ይሠራሉ። እናትየው ትሞታለች፣ እንክብሉ ውሃ እስኪመለስ ይጠብቃል።

የዘጌ_ልጅ | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ጣና ዳር፣ ቅዳሜ ና። በአጎቴ ጀልባ እወስድሃለሁ። ጓንት ያዝ።

ጣና_ዳር | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡50

ሄድን። ዘጌ ዳር ላይ ውሃው እስከ ጉልበት በሚደርስበት አስራ ምናምን ድንጋይ ገለበጥን። አብዛኛው ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ላይ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ግራጫ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቅርፊት አገኘን። አጉሊ መነጽር ይዤ ነበር። ወለሉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ፣ መሐል መሐሉ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ሰፋ ያሉ ጥቂት ቀዳዳዎች። ጠረኑ ከባድ ነው፤ ዓሣም አይደለም፣ ጭቃም አይደለም። ስሙ ያው ይሁን አይሁን የሚለውን ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። አልፋቅነውም። ድንጋዩን እንደነበረ ፊቱን ወደ ታች አድርገን መለስነው። ፎቶው አሁንም አልጭን አለኝ።

እትዬ_ሙዳይ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡15

እሰይ። ያ የመጀመሪያው ድንጋይህስ?

ጣና_ዳር | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡22

እሱማ እናቴ ወሰደችው እትዬ። ዛሬ ስመለስ ሻወር ቤት አገኘሁት፣ ሳሙና ተለቅልቆ። ለተረከዝ እንዲህ የሚሆን ድንጋይ አይታ አታውቅም አሉ።